ነገም ልትደግመው የምትችለውን አመስግኑ

ትምህርት ሳይቋረጥ በዘለቀበት ዓመት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ በራያ ቆቦዋ ሮቢት ከተማ የካርድ ቀን ይመጣል። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር ተማሪዎች ካርዳቸውን በደብተር መሃል ይዘው በቡድን በቡድን ይመለሳሉ። ቆላው ሞቋል፤ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ በሙቀቱ ደብዝዞ ይታያል። ባለሱቁ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ቡና የተጠራሩት እናቶች፣ አንዲት ልጅ ባለፈች ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንተኛ ወጣሽ?»

«ሁለተኛ» ያለችው ትሳማለች። «ጎበዝ! ጭንቅላት አላት እኮ!» ይባልላታል። «ሠላሳ አንደኛ» ያለችው «አይዞሽ» ትባላለች፤ ወዲያው ግን የጎረቤት ልጅ ስም ይነሳና «እሷን አታዪም?» ይከተላል። ሁለተኛ የወጣችውን ምን አድርጋ ሁለተኛ እንደወጣች የሚጠይቃት የለም። ሠላሳ አንደኛ የወጣችው ምናልባት ባለፈው መንፈቅ ሃምሳኛ ነበረች። ምናልባት በአጨዳ ሰሞን ሳምንታት ቀርታ፣ ያመለጣትን ከጓደኛዋ ደብተር እየገለበጠች ነው የደረሰችው። ይህ ሁሉ ሳይነሳ ቤቷ ትገባለች። በዚያች ደቂቃ ሁለቱም ልጆች አንድ ትምህርት ተምረዋል፤ ዋጋቸው በካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር መሆኑን።

ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። ወላጅ ደስታውን የሚገልጽበት ለምዶ የመጣ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ አመሰጋገናችን የሴት ልጆቻችንን ጽናት ከሚሠሩት ወይም ከሚያፈርሱት ነገሮች አንዱ ነው። ደረጃ በሌሎች ተማሪዎች ውጤት ይወሰናል። መልክ ከልደት ይመጣል። «ጭንቅላት አላት» ያልናትም ልጅ ነገሩን ተሰጥቷት እንደተወለደች አድርጋ ትወስደዋለች። ሦስቱም በእጇ አይደሉም። በእጇ ባልነበረ ነገር የተመሰገነች ልጅ፣ ያ ነገር ሲጠፋባት የምትይዘው ታጣለች። አስባ፣ ደጋግማ፣ ጠይቃ፣ ዘዴ ቀይራ የሠራችውን ስናመሰግን ግን ነገም ልትደግመው የምትችለውን እናሳያታለን።

የሚጠብቃት መውደቅ

ነገሩ የአነጋገር ለዛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ መልካም ነው፤ ግን በ2017ም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጡት የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም። ከእነዚህ መካከል አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጎበዝ» ስትባል የኖረች ልጅ አለች። ስሟ ከአላለፉት ጋር ሲወጣ ምን ብላ ትተረጉመዋለች? «ጎበዝ አይደለሁም ማለት ነው» ትላለች? ወይስ «ዘንድሮ አልሆነም፤ የቱ ጋ ነው የጎደለኝ?» ትላለች? ከሁለቱ አንደኛውን የምትመርጠው በዚያ ቀን አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው ነገር ነው የሚመርጥላት።

በራያ ቆላ ደግሞ ከትምህርት የወደቀች ልጅ ብዙ የምታስብበት ጊዜ አይሰጣትም። በአንድ በኩል ጋብቻ ይጠብቃታል፤ በሌላ በኩል አረብ አገር። ከዚህ አካባቢ በየዓመቱ ወጣቶች በጅቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይነጉዳሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ የዚህ ጉዞ ስፋት ለሁሉም ታይቷል። «በትምህርቱ አልሆነላትም» የሚል አንድ ቃል የልጅቷን መንገድ ሊወስን ይችላል።

ይህ ትውልድ ያየውን መከራም እንቁጠር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ የተቃረበውን ማሽላና ጤፍ ወረረው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደረሰ፤ ቆቦና አካባቢዋ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጦርነቱ ውስጥ ቆዩ፤ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ውጊያው ተመልሶ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የሮቢት ልጅ መሰናክል ምን እንደሆነ የሚያስረዳት አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ተሰናክላ መነሣቷን አይቶ የሚነግራት ሰው ነው።

ጥናቶቹ ያሳዩት

እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ልጆቹ መጀመሪያ የማይከብዱ እንቆቅልሾች ተሰጧቸው፤ ሁሉም ጥሩ እንደሠሩ ተነገራቸው። ልዩነቱ ቀጥሎ በተጨመረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። ለአንዱ ቡድን «ብልህ ስለሆንክ መሆን አለበት» ተባለ፤ ለሌላው «ጠንክረህ ሠርተህ መሆን አለበት» ተባለ፤ ሦስተኛው ምንም አልተጨመረለትም። ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚመርጡ ሲጠየቁ፣ ስለ ብልህነታቸው ከተመሰገኑት 67 በመቶው ጥሩ መስለው የሚታዩበትን ቀላል ሥራ መረጡ። ስለ ጥረታቸው ከተመሰገኑት ግን 92 በመቶው አዲስ ነገር የሚማሩበትን መረጡ።

ከዚያ ለሁሉም ከባድ እንቆቅልሽ ተሰጠና ሁሉም ወደቁ። በመጨረሻም ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሚቀል ሦስተኛ ዙር መጣ። «ብልህ» የተባሉት ከመጀመሪያው ውጤታቸው በታች ሠሩ፤ «ጠንክረህ ሠራህ» የተባሉት ከመጀመሪያውም በላይ ሠሩ። ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ በጽሑፍ እንዲነግሩ ሲጠየቁም፣ «ብልህ» ከተባሉት መካከል ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ነጥባቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጆቹን መውደቅን እንዲፈሩና ሲወድቁም እንዲደብቁ አደረገቻቸው። ካርዷን ቀድዳ የጣለች ወይም «አልተሰጠንም» ብላ የዋሸች ልጅ ያለችው ወላጅ ይህን ሲሰማ ወደኋላ ተመልሶ ያስባል።

ሴት ልጆችን በተለየ የሚነካ ሌላ ጥናት አለ። ኤልዛቤት ጋንደርሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ 53 ሕፃናት ከ14 ወር እስከ 38 ወር ዕድሜያቸው ድረስ ቤታቸው ውስጥ ከወላጆቻቸው ጋር ሲነጋገሩ ተቀረጹ። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ልጆቹ ስለ ፈተናና ስለ መውደቅ ያላቸው አስተሳሰብ ተጠና። በሕፃንነታቸው ስለ ሥራቸውና ስለ ጥረታቸው በብዛት የተመሰገኑት፣ ካደጉ በኋላ ችሎታ በሥራ ይዳብራል ብለው ያምናሉ፤ ከባድ ሥራም ይመርጣሉ። በዚያ ቀረጻ ላይ ወንዶቹ ከሰሙት ምስጋና 24 በመቶ ገደማ ስለ ጥረታቸው ሲሆን፣ ሴቶቹ ከሰሙት ግን እንዲህ ያለው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ወላጆቹ ሴቶቹን ያመሰገኑት ከወንዶቹ ባነሰ መጠን አልነበረም፤ የተለየው ምስጋናው ያረፈበት ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሊን ቢያንና ባልደረቦቿ ደግሞ አምስት ዓመት ላይ ያሉ ሴቶችና ወንዶች «በጣም በጣም ብልህ» የሚለውን ለየራሳቸው ጾታ እኩል እንደሚሰጡ፣ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ሴቶቹ ለራሳቸው ወገን መስጠት እንደሚቀንሱ አሳዩ። ይህ የሆነው ሴቶቹ ሴት ልጆች በትምህርት የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ እያወቁ ነው።

እነዚህ ጥናቶች ተአምር አያወሩም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ወደ 12 ሺህ በሚሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተሠራ ትልቅ ጥናት፣ ችሎታ እንደሚያድግ የሚያስተምር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት በውጤታቸው ዝቅ ያሉትን ተማሪዎች ነጥብ ከፍ ያደረገው በጥቂቱ ነው። አንድ ሰዓት ያንን ካመጣ፣ ከልጅ ጋር በየዕለቱ የሚኖር ወላጅ ንግግር ቀላል አይደለም።

ሴት ልጅ በምን ትመሰገናለች?

በቆቦና በሮቢት፣ በመላው አገራችንም፣ ሴት ልጅ የምትመሰገንባቸውን ነገሮች እንዘርዝር። «አንገቷን የደፋች ጨዋ ናት።» «ድምጿ አይሰማም።» «ቆንጆ ናት፣ ዓይን አይግባባት።» «ቻይ ናት።» ጎበዝ ሥራ ስትሠራ ደግሞ፣ «እንደ ወንድ ናት።»

ጨዋነት መልካም ነው። ግን ድምጿ ባለመሰማቱ ስትመሰገን ያደገች ልጅ ክፍል ውስጥ ያልገባትን እንዴት ትጠይቃለች? ቻይ በመሆኗ ብቻ የተመሰገነች ልጅ፣ በመንገድ ላይ የሚያስቸግራት ሰው ሲገጥማት ወይም ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ሲታሰብ፣ ዝም ብላ መቻልን ጽናት አድርጋ ትወስደዋለች። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። የአማራ ክልል የ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናት እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት። ሕጉ የሚሠራው ግን ልጅቷ አፍ አውጥታ ስትናገር ነው። ለእናቷ «እማ፣ ይህን አልፈልግም፤ መማር ነው የምፈልገው» ያለች ልጅ በሕይወቷ ከሚያስፈልጓት ምስጋናዎች ትልቁ ያኔ የሚሰጣት ነው፦ «የልብሽን ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። መናገር ከባድ እንደነበር አውቃለሁ።»

«እንደ ወንድ ናት» የሚለውም ልጅቷን ከፍ ለማድረግ የሚባል ነው። ልጅቷ የምትሰማው ግን ድፍረትና ብርታት የሌላ ወገን ንብረት እንደሆነና እሷ ለጊዜው እንደተዋሰችው ነው። እናቷ ከሌሊቱ ጀምራ ውኃ የምትቀዳ፣ የምትጋግር፣ በጦርነቱ ጊዜ ልጆች ይዛ የሸሸችና ተመልሳ ቤቷን ያቆመች ሴት ናት። «እንደ እናትሽ በረታሽ» ማለት እውነትም ነው፣ ያጸናታልም።

የዓይን ፍርሃት

ብዙ ወላጅ ልጁን በፊቷ ከማመስገን ይቆጠባል። «ሰው በፊቱ አይመሰገንም» የሚል አለ፤ «ትበላሻለች» የሚል አለ፤ ዓይን ይገባባታል ብሎ የሚፈራም አለ። ራያ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር ይኖራል፤ ክርስቲያኗ እናት «በስመ አብ» ብላ፣ ሙስሊሟ እናት «ማሻአላህ» ብላ ነው የልጇን ስም የምታነሳው። አባት ደግሞ ልጁን ለእንግዳ ያመሰግናታል እንጂ ለራሷ አይነግራትም። ልጅቷ አባቷ እንደሚኮራባት የምትሰማው ከጎረቤት ነው፣ ያውም ከሰማች።

የወላጅን ጥንቃቄ መናቅ አይገባም። ሥራን ማመስገን ግን ከዚህ ፍርሃት ጋር አይጋጭም። ልጅቷን «አቻ የላትም» ማለት ያስፈራ ይሆናል፤ «ይህን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ተሳስተሽ በአራተኛው ማግኘትሽን አይቻለሁ» ማለት ግን የሚያስፈራ የለበትም። የተጋነነ ምስጋናን በተመለከተ ሽማግሌዎቻችን የያዙት ጥርጣሬ ከጥናትም ድጋፍ አለው። ኤዲ ብሩመልማን የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳየው፣ ስለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ልጆች «እጅግ በጣም አስደናቂ!» ተብለው ሲካቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ከባድ ሥራ ይሸሻሉ፤ ያንን ያህል ተክበው መውደቅን ይፈራሉና። ልኩን የጠበቀ እውነተኛ ቃል ይበቃል።

ገበሬው መሬቱን አይሰድብም

የራያ ቆላ ገበሬ ይህን ትምህርት በማሳው ላይ ያውቀዋል። የበልጉ ዝናብ ከቀረና ቀድሞ የተዘራው ማሽላ ካልበቀለ፣ «ይህ መሬት የማይረባ ነው» ብሎ አይተወውም። ዝናቡ መቼ ቀረ? አቀንጭራ የሚባለው አረም የቱ ጋ በዛ? ብሎ ይመረምራል፤ ሐምሌ ሲገባ ቶሎ የሚደርስ ዘር አምጥቶ ደግሞ ይዘራል። አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ፣ በልጅነታቸው እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ተጉዘው ትምህርት ቤት እየሄዱ ዓርብ የሚመለሱ ተማሪ ነበሩ፤ ትምህርቱን ያስጀመሯቸውም እናታቸው ናቸው። ከዚያ ሥራ የተገኙት ዘሮች አገራችን ውስጥ ሲለቀቁ አንዱ «ጎቢዬ» ተባለ፣ በሮቢት ጎረቤት ከተማ ስም፤ ሌላው «አብሽር» ተባለ።

ለማሳችን የምንሰጠውን ትዕግሥትና ምርመራ ለልጃችን ብንሰጣት ንግግራችን ይቀየራል። ከሒሳብ 38 ያመጣች ልጅ ስትመጣ ወሎዬው «አብሽሪ» ይላታል፤ ደግ ቃል ነው። ግን እዚያ ላይ አያብቃ። «አብሽሪ፣ እስኪ ወረቀቱን አምጪው። የቱ ጋ ነው የጠፋሽ? ይሄን ሠርተሽዋል እኮ፤ ይሄ አዲስ የተጀመረው ነው ያስቸገረሽ። ማን ያስረዳሽ?» ማለት ይከተል። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ይህን ማለት ትችላለች። ጥያቄዎቹ ሒሳብ ማወቅን አይጠይቁም፤ ልጅን ማየትን ብቻ ይጠይቃሉ።

በቤት፣ በማሳ፣ በገበያ

ምስጋና ካርድ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ስትጠብቅ የዋለችን ልጅ «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። «ፀሐዩ ሲበረታ እንኳ ከማማው አልወረድሽም፤ በወንዝ በኩል ያለው ዳር የተረፈው በአንቺ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስም ነው፤ ሁለተኛው ምስክርነት ነው። ልጅቷ ምን እንዳደረገችና ያደረገችው ለቤቱ ምን እንደጠቀመ ታውቃለች።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። አባቷን ተከትላ ገበያ የወጣች ልጅ የኪሎውን ሒሳብ በቃሏ አስልታ መልስ ስትሰጥ አባት «ጭንቅላት!» ከሚል፣ «መጀመሪያ ተሳስተሽ ነበር፤ መልሰሽ ቆጥረሽ አስተካከልሽው። ሰውዬው ሲያጣድፍሽም አልተደናገጥሽም» ቢላት ይሻላል። መልሳ መቁጠርንና አለመደንገጥን ወደ ፈተና አዳራሽ ይዛቸው ትገባለች።

ማመስገን ማለት ሁሉን ማሞገስ እንዳልሆነም ይታወቅ። ያልሠራችውን «ሠራሽ» ማለት ልጅን ማታለል ነው፤ ልጅም ታውቃለች። ለፍታ ካልሆነላት ደግሞ «ለፍተሻል፣ ይበቃል» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። ድዌክ ራሷ ከዓመታት በኋላ እንዳስጠነቀቀችው፣ ባልሠራ ዘዴ ደጋግሞ መልፋትን ብቻ ማሞገስ ለልጅ ማጽናኛ ይሆናል እንጂ አያስተምራትም። ልፋቷን እናደንቅ፤ ወዲያው ግን «ይህ መንገድ አልሠራም፤ ሌላ እንሞክር» እንበላት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «የእከሌን ልጅ አታዪም?» የሚለውን እንተው። ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ጓደኛዋን ጠላቷ ያደርግባታል። ማወዳደር ካስፈለገ ከራሷ ጋር ይሁን፤ ከአምናዋ፣ ካለፈው ወሯ።

ከድል በፊት ያለውን መተረክ

ስለ ደራርቱ ቱሉ ለልጆቻችን ስንነግር በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ያገኘችውን ወርቅና የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ባለወርቅ መሆኗን እንነግራለን። ታሪኩ ግን ከዚያ በኋላ ይከብዳል። በጉዳት ተሠቃየች፤ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ አራተኛ ወጥታ ያለ ሜዳልያ ተመለሰች፤ ወለደች፤ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ አጠለቀች። በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ነሐስ አገኘች፤ በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ለልጃችን የሚጠቅማት በሁለቱ ወርቆች መካከል ያሉት ስምንት ዓመታት ናቸው። አትላንታ ላይ ያለ ሜዳልያ የወጣችው ደራርቱና ሲድኒ ላይ ያሸነፈችው ደራርቱ አንድ ሰው መሆኗን እንንገራት። የራሳችንንም እንጨምር፤ እናት ከአንበጣው በኋላ፣ ከመፈናቀሉ በኋላ ቤቷን እንዴት እንዳቆመች ለልጇ ትንገራት።

ሶለል የሚሰጠን ዕድል

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተውና ተውበው፣ ከበሮ ይዘው፣ በቡድን ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ስጦታና ምርቃት ይቀበላሉ። በዓመት ውስጥ ሴት ልጆች አደባባዩን የሚይዙበት፣ ድምጻቸውን ከፍ ያደረጉት የሚመሰገኑበት ወቅት ይህ ነው።

ይህ ባህል ለወላጆች የተዘጋጀ መድረክ ነው። ቤት የመጡትን ልጃገረዶች የሚመርቅ አባወራ «ያማሩ፣ የተዋቡ» ብሎ ከሚያበቃ፣ «ዘንድሮ ትምህርት ተቋርጦ ሳለ ደብተራችሁን ያልጣላችሁ፣ ታናናሾቻችሁን ቤት ውስጥ ያስቆጠራችሁ፣ ተባረኩ» ብሎ ቢመርቅ ሕዝብ ይሰማዋል፤ ልጆቹም ዓመቱን ሙሉ ይዘውት ይዞራሉ።

ቃል ጊዜና ደብተር ይፈልጋል

ምስጋና ብቻውን ልጅን አያስተምርም። ሁለት ሰዓት ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ ማታ ተዳክማ የምትቀመጥን ልጅ «በርቺ» ማለት ሸክሟን ሳይነኩ ማመስገን ነው። ወንድሟ ጀሪካኑን ቢያነሳ ለእሷ የሚተርፋት አንድ ሰዓት ከብዙ ቃል ይበልጣል።

በክልላችን የታየ ምሳሌ አለ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ «ብርሃን ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች በሴት አሠልጣኞች መሪነት በቡድን ይሰበሰባሉ፤ ለተማሪዎቹ የትምህርት ቁሳቁስ ይሟላል፤ ማኅበረሰቡ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይወያያል፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ፕሮግራሙን ላስጨረሱ ቤተሰቦች አንድ በግ ወይም ፍየል ይሰጥ ነበር። ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ልጆች ይልቅ ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የተዳሩትም ከዚያ አካባቢ ጋር ሲነጻጸሩ አንድ አሥረኛ ያህል ነበሩ። እዚያ የሠራው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ልጅቷን በየሳምንቱ የሚያያት፣ ስሟን የሚጠራት፣ የጀመረችውን የሚጠይቃት ትልቅ ሰው ነበረ፤ ደብተሩም ነበረ፤ የቤተሰቡም ሸክም ታስቦለት ነበር።

ስለዚህ አባት ለልጁ «ጥረትሽን አይቻለሁ» ሲላት፣ የምታነብበትን መብራትና የምትቀመጥበትን ሰዓት አብሮ ይስጣት። መምህራን ካርድ በሚሰጡበት ቀን ከፍ ያለ ደረጃ ያገኙትን ብቻ ሳይሆን ከአምናቸው የተሻሻሉትንም በስም ይጥሩ። የቀበሌ ሹማምንት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች በሚናገሩበት ቦታ ሁሉ የተማረች ሴት ልጅን ብቻ ሳይሆን ወድቃ የተመለሰችዋን ያንሡ። የደገመችዋ፣ ያቋረጠችውን የጀመረችዋ፣ ሊድሯት ሲሉ «አልፈልግም» ያለችዋ በሕዝብ ፊት ትከበር።

እናንተ ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ጀምሩ። ልጃችሁ ዛሬ የከበዳትን አንድ ነገር ጠይቋት፤ እንዴት እንደተወጣችው ወይም እንዳልተወጣችው እስክትጨርስ ስሟት፤ ያያችሁትን አንድ ጥረት ስም ሰጥታችሁ ንገሯት። ውበቷ ይቀየራል፣ ደረጃዋ ይወጣል ይወርዳል፣ ፈተናውም አንዳንዴ ይጥላታል። ደግማ መሞከርን ግን ከቤቷ ተምራ ከወጣች፣ ማንም ሊወስድባት አይችልም።